ከነጯ ሴይቼንቶ ወለል ሥር ያገኘሁት

የማስቲሽ ሽታ አፍንጫዬ ላይ በደረሰ ቁጥር የሚመጣብኝ ኮልፌ ነው፤ የዛሬው ሳይሆን ያ የድሮው፣ እኔ ሃያ ሰባት ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖኝ የነበረበት። ከአጣና ተራ ከፍ ብሎ፣ የባሕር ዛፍ እንጨት ከሚቆለልበት ጀርባ በቆርቆሮ የታጠረ ጋራዥ ነበረን። ነበረን ስል የእኛ አልነበረም፤ ግን ጠዋት ገብተን ማታ የምንወጣው እኔና ተክሌ ስለሆንን የእኛ ይመስለን ነበር። ተክሌ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል፤ ሙያው ብየዳ ነው። እኔ ደግሞ እሱ የበየደውን አሽጌ፣ ስቱኮ ለብጬ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ቀለም ቀብቼ እጨርሳለሁ። ከእኛ እጅ የወጣ መኪና የት ጋ እንደተቆረጠና የት ጋ እንደተቀጠለ ባለቤቱ ራሱ ጣቱን አስቀምጦ ማሳየት አይችልም። በዚያ ዘመን ከጦር ኃይሎች ኮልፌ በታክሲ ስሙኒ ነው። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም ጠጥተን፣ ቅዳሜ ከሰዓት እጃችንን በቤንዚን ታጥበን፣ እግሩ መሬት የሚጠርግ ሱሪያችንን አጥልቀን ካሴት ቤቱ ደጃፍ ላይ እንቆም ነበር። ባለቤቱ የድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ ያዞረዋል። አላፊ አግዳሚው ካሴት ሳይገዛ ዘፈኑን ሸምድዶ ይሄዳል፤ እሱም አይከፋውም። ዛሬ በቦታው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ምድር ቤቱ ውስጥ የሞባይል ሽፋን ይሸጣሉ።

ያኔ መንገዱን የሞላችው ሴይቼንቶ ናት። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ ትሆናለች፤ አንዳንድ ደህና ደሞዝ ያለው ሰው ደግሞ ለቤቱ ይይዛታል። ትንሽ ናት፣ ሞተሯ ከኋላ ነው፣ አምስት ሰው ከነዕቃው ጭና የኮልፌን ዳገት ትወጣለች። ጠላቷ ውሃ ነው። የመኪና አካል ከብዙ ላሜራ የተገጣጠመ ነው፤ ወለሉ ከጎኑ፣ ጎኑ ከጣሪያው የሚገናኝበት መስመር አለው። ያ መጋጠሚያ በወጉ ካልታሸገ የክረምቱ ውሃ እየሰረገ ገብቶ ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል። ከላይ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ከሥሩ ግን ወንፊት የሆነ ስንት መኪና አይቻለሁ። ስለዚህ እኛ አሮጌውን ማሸጊያ እንፍቃለን፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ እናጸዳለን፣ ፀረ ዝገት እንቀባለን፣ ከዚያ አዲሱን ማስቲሽ በጣት እየገፋን እስከ ጥልቁ እናስገባለን። ማስቲሽ ሲጠፋ፣ ያኔ ብዙ ነገር ይጠፋ ነበር፣ ሬንጅ አሙቀን እንጠቀማለን። ሥራው ሲያልቅ ተክሌ ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ውስጥ ይቀመጣል፤ እኔ ከላይ በባልዲ ውሃ እደፋለሁ። ጋዜጣው ደረቅ ከሆነ "ይሂድ" ይላል። ከተክሌ አፍ የሚወጣ ትልቁ ሙገሳ ይኸው ነበር።

ዛሬ የምሠራው አየር ጤና ነው። አንድ ሰፊ ጋራዥ ውስጥ ጥግ ተከራይቻለሁ፤ ጉልበቴ እንደ ድሮው ስላልሆነ አሮጌ መኪና ሲመጣ ብቻ ነው የምነካው። የጋራዡ ሠራተኞችም አሮጌ ነገር ሲያዩ "እሱን ጋሽ መንገሻ ጋ ውሰዱት" ብለው ይልካሉ። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበች ሴት በጭነት መኪና ያመጣቻትን ነጭ ሴይቼንቶ በጋራዡ በር አስወረደች። ጎማዎቿ ተንፍሰዋል፤ የበሮቿ ጠርዝ በዝገት ቀልቷል።

"አባባ፣ መጋጠሚያዋ ሁሉ ውሃ ያስገባል አሉኝ" አለችኝ። "ለቀለሟ አይደለም የመጣሁት። የእናቴ ናት፤ ዝናብ ሳልፈራ እንድነዳት ነው የምፈልገው።"

"እናትሽ የት ነበር የሚነዷት?"

"ጎጃም። ግን የሄድነው ከዚህ ነው። ኮልፌ አሠርቻት ነው ዓባይን የተሻገርነው ትል ነበር። ሲስተር ጥሩወርቅ ትባላለች።"

የያዝኩት ጨርቅ ከእጄ ወደቀ። ሴትየዋ፣ ስሟ ሰብለ ነው፣ ፊቴን አይታ በርጩማ ጎትታ አስቀመጠችኝ።

"አባባ፣ ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ። ለመሆኑ ያኔ በሰላም ደረሳችሁ?"

"መቼ?"

"ያኔ ጎጃም ስትሄዱ።"

ግራ ገባት። "አዎ፣ በሰላም ነዋ። እናቴ እኮ ያረፈችው አምና ነው፤ በሰባ ስምንት ዓመቷ።"

ይህን ለምን እንደጠየቅኳት እንዲገባችሁ ወደዚያ ዘመን መመለስ አለብኝ።

ሲስተር ጥሩወርቅ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ነበረች። ነጭ የሥራ ልብሷ ላይ ሰማያዊ ሹራብ ደርባ፣ ቤንዚን በኩፖን በሚገኝበት ጊዜ፣ የራሷን ድርሻ ምጥ የያዛት ሴት በማመላለስ የምትጨርስ ሰው። የእኔንም እጅ ሬንጅ ሲያቃጥለው ሁለት ሳምንት ሙሉ ያሰረችልኝ እሷ ናት። አንድ ዓመት ግንቦት ላይ፣ ረቡዕ ቀን መኪናዋን ይዛ መጣች። ወደ ጎጃም ተዛውራለች፤ ቅዳሜ ልትነሣ ነው። የሹፌሩ እግር ሥር ውሃ ይቋጠራል፣ እሱን አስተካክልልኝ አለችኝ። ምንጣፉን ስገልጠው በሹፌሩ በር በኩል ወለሉና የጎኑ ላሜራ የሚገናኙበት መጋጠሚያ ከአንድ ክንድ በላይ በስብሶ ተላቋል። መዶሻ ሳላነሣ በጣቴ ገፋሁት፤ ጣቴ አልፎ በመኪናዋ ሥር ወጣ። ይህ የማሸግ ሥራ አይደለም። የበሰበሰው ተቆርጦ፣ አዲስ ላሜራ ገብቶ መበየድ አለበት። ተክሌ ደግሞ ለአጎቱ ለቅሶ ደብረ ብርሃን ሄዷል፤ የብየዳው ጋዝም ካለቀ ሳምንት አልፎታል። በዚያ ላይ ወንድሜ ቅዳሜ ሰበታ ላይ ያገባል፤ ሚዜው እኔ ነኝ፤ ዓርብ ከሰዓት መሄድ አለብኝ።

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። አላወጣሁትም እንጂ ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ግን ሲስተር ጥሩወርቅ በሕይወቷ አንድ ነገር ለምናኝ እምቢ ልበላት? የዘይት ቆርቆሮ ቀድጄ ክፍተቱ ላይ ደረብኩ፣ ዳርና ዳሩን በማስቲሽ አጣበቅኩ፣ በላዩ ስቱኮ ሞላሁበት፣ አለስልሼ ቀባሁት። ዓርብ ቀትር ላይ ስትመጣ እኔ ራሴ የሠራሁትን ቦታ ለማግኘት መፈለግ ነበረብኝ፤ እንደዚያ ያምር ነበር። የአምስት ዓመት ልጇ የመኪናውን በር እየከፈተች ትዘጋለች።

"መንገሻ" አለችኝ ሲስተር፣ "ልጄን ይዤ ነው ዓባይን የምወርደው። ይታመናል?"

"ይታመናል ሲስተር። እንደ አዲስ ሆኗል" አልኳት።

መረቀችኝ። ቀለሙ እስኪደርቅ እንድታድርና ቁልፉን ጠዋት ከዘበኛው እንደምትወስድ ተነጋግረን፣ መኪናዋን እዚያው ትቼ ሰበታ ሄድኩ። ሠርጉ ላይ ክራቫት አስሬ ጨፈርኩ። ሰኞ ስመለስ መኪናዋ ሄዳለች።

ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ፣ አጣና ተራ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ ከጎጃም የተመለሰ የጭነት መኪና ሹፌር ሲያወራ ሰማሁ። ዓባይ በረሃ ላይ አንዲት ነጭ ትንሽ መኪና ገደል ገብታለች አለ። ሰው ጠየቀው፤ "ሴትና ልጅ ነበሩባት አሉ" ብሎ መለሰ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ጤና ጣቢያው ከጋራዡ አሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ሄጄ "ሲስተር ደረሱ ወይ" ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር። አልጠየቅኩም። የምሰማውን ፈራሁ። በጤና ጣቢያው በኩል የሚያልፈውን መንገድ ትቼ በታችኛው መሄድ ጀመርኩ፤ ውሎ አድሮ ልማድ ሆነ። ለተክሌ አልነገርኩትም፤ ለማንም አልነገርኩም። ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም መጋጠሚያ ከሥሩ ጠንካራ ላሜራ መኖሩን በጣቴ ሳልፈትሽ አላሸግኩም። ኮልፌ ውስጥ "የመንገሻ ማሸግ ውሃ አያውቅም" እስከመባል ደረስኩ። ሰው ሲያመሰግነኝ ደስ አይለኝም ነበር። ትሑት ነው ይሉኛል።

እንግዲህ ሰብለ ያን ቀን ስትናገር የሰማሁት ይህን ሁሉ ዓመት ላልጠየቅኩት ጥያቄ መልስ ነው። እሷ ከሄደች በኋላ እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ቆየሁ። ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ሰው ተነሥቶ የሄደ ያህል ነው የተሰማኝ። ቢሆንም ሙሉ በሙሉ አላመንኩም። ያ ቆርቆሮና ስቱኮ እንዴት ዓባይን ወርዶ ወጣ? እንዴትስ ይህን ሁሉ ዘመን ቆየ? እግዚአብሔር ነው የያዘው ብዬ፣ በማግሥቱ ጠዋት ምንጣፉን ገለጥኩና በሹፌሩ በር በኩል መፋቅ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ሬንጅ አገኘሁ። እኔ በዚያ ሥራ ላይ ሬንጅ አልነካሁም፤ ማስቲሽ ነበር የጨረስኩት። ሬንጁን አሙቄ ገፈፍኩት። ከሥሩ የእኔ ቆርቆሮ የለም፣ ስቱኮም የለም። ወፍራም ላሜራ፣ በሥርዓት ተቆርጦ የገባ፣ ዳሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተበየደ። የብየዳ እጅ እንደ ሰው ጽሕፈት ነው፤ አይደበቅም። የዚህ ሰው የብየዳ ጠብታ ትንንሽና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሁሉም ወደ ግራ ያዘነብላል። በግራ እጁ የሚበይድ ሰው በዕድሜዬ አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

መሣሪያዬን እዚያው ጥዬ ታክሲ ያዝኩና ቀራንዮ ወረድኩ። ተክሌ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ከሴት ልጁ ጋር ይኖራል። ከተያየን ሦስት ዓመት ሳይሆነን አይቀርም። የብየዳው ብርሃን ዓይኑን ስላደከመው በድምፄ ነው ያወቀኝ። በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩና ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ ጠየቅኩት።

"ተክሌ፣ የሲስተር ጥሩወርቅን ሴይቼንቶ ታስታውሳለህ?"

"ነጯን? እንዴት አላስታውስም።"

"ወለሏን የበየድከው አንተ ነህ?"

"ታዲያ ማን ሊሆን ነው?" አለ፤ ጥያቄዬ ገርሞት። "ከለቅሶ የተመለስኩ ዕለት ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት። አየኋት፤ ታምራለች። በጣቴ አጥንት ብመታት ድምጿ ድፍን ነው። ላሜራ እንደዚያ አይሰማም። ቀደድኩት። ጋዝ ስላልነበረን ነድቼ አየር ጤና አንድ የማውቀው ሰው ጋራዥ ወሰድኳት።"

"ለሲስተርስ ምን አልካቸው?"

"ትንሽ ቀርቷታል አልኳቸው። ቀርቷት ነበራ። ከልጃቸው ጋር አብረውኝ መጥተው እስከ ከሰዓት እዚያው ጠበቁኝ፤ እሁድ ጠዋት ሄዱ።"

"ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?"

"ዘበኛው የነገረህ መስሎኝ ነዋ" አለኝ። "ከዚያ ሥራ በኋላ አንተ ሌላ ሰው ሆንክ። መጋጠሚያውን ሁሉ ሁለት ሦስቴ ትፈትሻለህ፤ ጨዋታ ቀነስክ። ስህተቱ ገብቶታል፣ አፍሯል አልኩ። ያፈረ ሰው ላይ ምን እጨምራለሁ?"

"እኔ እኮ ገደል የገቡ መስሎኝ ነው የኖርኩት" አልኩት። ሻይ ቤት የሰማሁትን ነገርኩት።

ተክሌ ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኑ ባያየኝም ዞረ። "ያቺ መኪና የሌላ ሰው ናት፣ መንገሻ። ሲስተር እኮ በደረሱ በወሩ ለጋራዡ ደብዳቤ ልከው ነበር፤ ለሁላችሁም ሰላምታ ይድረስ ብለው። አለቃችን አንብቦልን ነበር። አንተ የት ነበርክ?"

የት እንደነበርኩ አላውቅም። ምናልባት ጓሮ ቀለም እየበጠበጥኩ። አንዲት ወረቀት በጎኔ አልፋ ሄዳለች።

"ብትጠይቀኝ በአንድ ቃል እገላግልህ ነበር" አለ ተክሌ።

"አንተም ብትነግረኝ።"

ሁለታችንም ሳቅን። ልጁ ምን ሆናችሁ ብላ እስክትወጣ ድረስ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ዕንባችንን በእጅጌያችን እየጠረግን ሳቅን።

በማግሥቱ ሰብለ ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት። ቀላል አልነበረም። የእናቷን መኪና እንዴት እንደሸፈንኩ፣ "ይታመናል" ብዬ በአፌ እንዳረጋገጥኩ፣ ማን እንዳዳናቸው። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ ጎንበስ ብላ የተክሌን ብየዳ አየች፤ በጣቷ ዳበሰችው።

"አንድ ሰው ከመኪናው ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ሲታይ ትዝ ይለኛል" አለች። "እናቴ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ሙዝ ትልጥልኛለች። ሁልጊዜ ሕልም ይመስለኝ ነበር።"

"ትቀየሚኛለሽ፣ ልጄ?"

"ያመጣኋት ዕለት ቢነግሩኝ መኪናዬን ጭኜ የምሄድ ይመስለኛል" አለች። "ዛሬ ግን ብየዳውን ራሱን ገልጠው አሳዩኝ። አሁን ማን ነው የሚያሽጋት?"

"ከፈቀድሽ እኔ።"

"እንግዲያው እዚህ ቁጭ ብዬ አያለሁ።"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ አራት ቀን ሙሉ መጣች። የተክሌን ብየዳ አልነካሁትም፤ ዝገቱን ብቻ አጽድቼ ፀረ ዝገት ቀባሁት። በኋላ ጎማ በኩል ሁለት ቦታ ተበልቶ ስለነበር የጋራዡ በያጅ እሷ እያየች አዲስ ላሜራ አስገባበት። ከዚያ ማሸጉ መጣ። ዛሬ ማስቲሹ በቱቦ ነው የሚመጣው፤ እንደ ጠመንጃ ቃታ እየሳቡ በመስመሩ ላይ ያስኬዱታል። መጨረሻው ግን አሁንም ጣት ነው። ጣትን አርሶ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያቋርጡ መጎተት ያስፈልጋል፤ እጅ ከቆመ እዚያች ቦታ ላይ ጉብታ ይቀራል። የመጀመሪያውን መስመር ሁለቴ ገፍፌ ደግሜ ጎተትኩት። ሦስተኛውን በአንድ ጊዜ ጨረስኩት። ሰብለ ራሷ አንዱን ልሞክር ብላ ሞከረች፤ ጠመመባት፤ እንዲህ እንዳለ ይቆይ አለች፤ የእሷ ናትና ተውኩት። ሲደርቅ ስቱኮውን ስስ አድርጌ አልብሼ፣ በውሃ እያራስኩ አለስልሼ፣ የእናቷን ነጭ ቀባሁት። ሰኔ ሳይገባ ነድታ ወጣች፤ በአየር ጤና አደባባይ ያሉት ሚኒባሶች ሁሉ ክላክስ አደረጉላት።

ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ለአስካለ ነገርኳት። አስካለ የደጀን ልጅ ናት፤ ዓባይን ተሻግሮ ያለችው ከተማ።

"ለዚህ ነው አገሬ አልሄድም ስትል የኖርከው?" አለች ስጨርስ።

ከተጋባን ጀምሮ ወንድሟ ሲያገባ፣ እናቷ ሲሞቱ፣ ሁልጊዜ ሥራ በዛብኝ እያልኩ ብቻዋን ነው የላክኋት።

"እኔ ደግሞ ዘመዶቼን ንቀህ ይመስለኝ ነበር" አለችኝ። "ለእነሱም ስዋሽልህ ኖርኩ። ጤናው አይችልም እያልኩ።"

ይቅርታ ጠየቅኳት። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን ተነሥታ ስልኳን አመጣችና ለወንድሟ ደወለች። ለእንቁጣጣሽ ሁለታችንም እንመጣለን አለችው። ከወዲያ የተመለሰላትን አልሰማሁም፤ አስካለ ግን "አዎ፣ እሱም" አለች፤ ቆየት ብላ ደግሞ "አዎ፣ እሱም" አለች።

መንገዱ ደህና ነው ሲሉን በአውቶብስ ሄድን። ቁልቁለቱ ሲጀምር አስካለ እጄን ያዘች፤ መጋረጃውን ልዝጋልህ አለችኝ። አይ፣ ተይው አልኳት። ገደሉ እስከ ታች ለምለም ነው፤ ዓባይ ከሥሩ ጭቃ መስሎ ሞልቶ ይፈሳል። ድልድዩን ስንሻገር ያቺን የማላውቃትን ሴትና ልጇን በልቤ ነፍስ ይማር አልኩ። የሌላ ሰው ቢሆኑም ይህን ሁሉ ዓመት ከእኔ ጋር የኖሩት እነሱ ናቸው። ደጀን መናኸሪያ የአስካለ ወንድም ጋቢውን ደርቦ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። በሠርጋችን ቀን ካየሁት ወዲህ ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። ትከሻዬን ይዞ ሦስቴ ሳመኝና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ጤናህስ እንዴት ነው?" አለኝ።

"ተሽሎኛል" አልኩት።